የከሰዓት ፈረቃ

ጥቅምት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.
ወልድያ

ወንድምህ አቡበከር ናጅዋን ሐራ ሊወስዳት መጥቷል።

ለልጄ አባት ለኡበይደላ፤ አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? እኛን አላህ ከበሽታ ጠብቆናል። ሌላው ሌላ ነው።

ይህን የምጽፍልህ መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ሚኒባሱ ከጁምዓ በፊት አይሞላም ስለተባለ አቡበከር ሊሰግድ ሄዷል። «ዕቃውን ጠብቂ» ብሎኝ ነው የሄደው። ዕቃው ለእህታችሁ የሚወስደው አንድ ኬሻ ብርቱካን፣ ለአንተ ያዘጋጀሁት የበሶ ፌስታልና ልጅህ ናት። ልጅህ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ነው። ማታ አጥቤ ሰቅዬላት ነበር፤ ጠዋት ሲደርቅ ራሷ አውርዳ ለበሰችው። አውልቂው ለማለት አፌ አልታዘዘኝም።

ወረቀቱ ከደብተሯ የተገነጠለ ነው፤ እርሳሱም የሷ ነው። በስልክ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት ትል ይሆናል። ለእናንተ ለእስረኞች ስልክ የሚፈቀደው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ እሷንም አንተ ጮኸህ ትጨርሳታለህ። ወረቀት ላይ አታቋርጠኝም። አቡበከር እሑድ ሊጠይቅህ ሲመጣ ይሰጥሃል። ካልሰጠህ አንብቦታል ማለት ነው።

«ልጄ በር ላይ ቆማ የሙስዐብን ልጅ አታሳልፍም። እህቴ ዘንድ ሐራ ትሂድና እዚያ ትማር» ብለህ ላክህብኝ። ምን ተብሎ እንደተነገረህ አላውቅም። ስለዚህ እኔ ከመጀመሪያው ልንገርህ። ሰምተህ ያንኑ ልትል ትችላለህ። ግን ሰምተህ በል።

ሙስዐብን ቦዩ ላይ በአካፋ መትተህ ከገደልከው ወዲህ እኔ አገራችንን ግራናን አላየኋትም። አንተን መንግሥት ወሰደህ፤ እኔን አገሩ አስወጣኝ። ቤቱን ዘጋሁ፣ ማሳውን ወንድምህ ያዘው፣ ልጄን ይዤ ወልድያ ገባሁ። ሽማግሌዎቹ ያለህበት ድረስ መጥተው «በድያለሁ በል፤ ደሙን እኛ እናደርቀዋለን» አሉህ። «የውሃው ተራ የኔ ነበር» ብለህ መለስካቸው። እርቁ እዚያው ቆመ። ተራው የማን እንደነበረ እዚህ አልጽፍም። ደብዳቤ ሳይነበብ እንደማይደርስህ አውቃለሁ።

ናጅዋ ስምንት ዓመቷ ነው። ካቻምና ትምህርት አልነበረም፤ አምና ያንተ ነገር መጣ። ዘንድሮም ካልገባች መቼ ልትገባ ነው? ነሐሴ ላይ ትምህርት ቤት ፍለጋ ወጣሁ። ከተማውን አላውቀውም። ቤት ያከራየችኝ ትርንጎ የምትባል ሴት ናት፤ ወልድያ ተወልዳ ወልድያ ያረጀች። «ምን ፍለጋ አለው?» አለችኝ። «ለልጅ ቅርብ ያለው ነው ጥሩው። ሲርባት ሮጣ የምትገባበት።» እውነቷን ነው። የታችኛው ትምህርት ቤት ከቤታችን በጣም ቅርብ ነው። ደወሉ ጓዳዬ ድረስ ይሰማል።

ሄድኩ። አንተ ብትሆን መጀመሪያ የምታየው ዳይሬክተሩን ነው። እኔ መጀመሪያ ያየሁት የሴቶቹን ሽንት ቤት ነው። መቀርቀሪያ አለው፤ ውሃም ይመጣል። ቀጥዬ አንደኛ ክፍልን በመስኮት አየሁ። ዴስኮቹ ያልተሰበሩ፣ ሰሌዳው የሚነበብ። ልቤ አረፈ። ናጅዋ እጄን ለቅቃ ወደ ሜዳው ሮጠች። ስዞር ከአንዲት ልጅ ፊት ቆማለች። ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው ይተያያሉ። ነኢማ ናት፣ የሙስዐብ ልጅ።

እናቷ ኢሕሳንም ባሏን ቀብራ ወልድያ ወንድሟ ዘንድ እንደገባች ሰምቼ ነበር። የት ሰፈር እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም፤ እኔ የምጠይቀው ነገር አይደለም። እሷን አላየኋትም፤ ነኢማ ካለች ግን እናቷ ሩቅ አትሆንም። የናጅዋን ክንድ ይዤ በጓሮ በር ወጣሁ። ልጅቷ እስከ ቤት እያለቀሰች ነው የደረሰችው።

ትርንጎ በር ላይ ተቀበለችን። «ምን ሆናችሁ? ሞልቷል አሏችሁ?»

«አልሞላም። የሟች ልጅ አለችበት።»

«እና?»

«እናማ እርቅ እስኪወርድ የገዳይ ቤት መንገድ ይለቃል። ገበያ ቢሆን ገበያውን፣ ወፍጮ ቢሆን ወፍጮውን ይተዋል። ከሟች ቤት ጋር ቃል አይለዋወጥም።»

«ወፍጮው ይሁን። ትምህርት ቤትም?»

«ስለ ትምህርት ቤት የነገረኝ ሰው የለም። ስለዚህ ወጣሁ።»

«አይ የገጠር ሰው!» አለች። «ገዳዩ እዚያ ተቀምጦ ይቀለባል፤ መንገድ የምትለቂው አንቺ!»

ተቀየምኳት። ዋሽታ ግን አይደለም።

ቀጥሎ በአጥሩ ላይ አንበሳና ቀጭኔ የተሳለበት የግል ትምህርት ቤት ሄድኩ። ለችግረኛ ልጅ ነጻ ቦታ እንዳላቸው ትርንጎ ሰምታ ነበር። አንዲት ጥፍሯን የተቀባች ወጣት ናጅዋን ፊቷ አስቀምጣ ትጠይቃት ጀመር። የቀለም ስም ጠየቀቻት። ናጅዋ ቀይና አረንጓዴውን አወቀች። «ጎበዝ! አባትሽስ ምን ይሠራል?» አለቻት።

«ማሳ ያጠጣ ነበር። አሁን ታስሯል።»

«ውይ! ለምን ታሰረ?»

«ሰው ገድሎ።»

ስሟን ሲጠይቋት እንደምትመልሰው ነው የመለሰችው። ወጣቷ ፈገግታዋን አላጠፋችም። ወደ እኔ ዞር ብላ «እንደውልላችኋለን» አለች። ስልክ ቁጥሬን አልጠየቀችኝም።

ከዚያ የቀረኝ የዳገቱ ነው። ድልድዩን ተሻግሮ፣ መቻሬን አልፎ፣ ባጃጅ እንኳ እያቃሰተ የሚወጣው ዳገት ላይ ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ውሃው የሚመጣው ሲፈልግ ነው። የአንደኛ ክፍል መስኮት በካርቶን ተደፍኗል። የሴቶቹ ሽንት ቤት መቀርቀሪያ የለውም፤ ሴቶቹ ተራ በተራ በሩን ለጓደኛቸው እየያዙ ነው የሚገቡት። ግን ሩቅ ነው። እኔ የምፈልገው ሩቁን ነበር። ኢሕሳን በሯ ላይ ያለውን ትታ እዚህ ድረስ አትመጣም ብዬ አሰብኩ።

ቢሮው በር ላይ ናጅዋን ከዘበኛው ጋር ትቼ ገባሁ። አግዳሚው ላይ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። ፊቷን ሳላይ በአንገቷ አወቅኋት። በአንድ ቦይ ስንት ጊዜ አብረን ውሃ ቀድተናል! ኢሕሳን ናት።

እሷም ዞር ብላ አየችኝና ተነሥታ ቆመች። እሷ ወደ ግድግዳው፣ እኔ ወደ መስኮቱ። የሚመዘግበው ምክትል ዳይሬክተሩ ነው፤ መምህር አያሌው ይባላል፣ ራሰ በራ፣ የማይቸኩል ሰው።

«ቁጭ በሉ እንጂ። አግዳሚው ተሰብሯል እንዴ?» አለ።

«መምህር» አለች ኢሕሳን ለግድግዳው፣ «ለዚያች ሴት ይንገሩልኝ። የታችኛው ትምህርት ቤት ትሂድ።»

«ለየትኛዋ ሴት?» ብሎ ዞር ዞር አለ። ከእኔ በቀር ሰው የለም።

«መምህር፣ ለእሷም ይንገሩልኝ» አልኩ። «የታችኛውን ለእሷ ብዬ ነው የተውኩት።»

«እኔም ለእሷ ብዬ ነው የተውኩት ይበሏት!»

ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ቆይ፣ ቆይ። እሷም እዚህ ናት፤ አንቺም እዚህ ነሽ። ሁለታችሁም ጆሮ አላችሁ። እኔ ምንድን ነኝ፣ ሬዲዮ?»

አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየ። እሱም ወጉን የሚያውቅ የጉባ ላፍቶ ሰው ነው፤ ነገሩ ገባው።

«ደም አለ በመካከላችሁ?»

«አለ።»

«የማን?»

«የባሌ» አለች ኢሕሳን።

«በባሌ» አልኩ እኔ።

መምህር አያሌው ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ተመልሶ ሲቀመጥ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «እሺ። ሬዲዮ ነኝ። ተናገሩ» አለ።

እንግዲህ ስማ። የሸሸሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። የገዳይ ወገን ይሸሻል እንጂ የሟች ወገን ሲሸሽ ሰምቼ አላውቅም። ኢሕሳን ግን ሸሽታለች። «ይበሏት» አለች፤ «ልጄ የታችኛው ግቢ ውስጥ ልጇን ባየች ቀን ማታ ሳቀች። ናጅዋን አየሁ ብላ ሳቀች። አባቷን ከቀበርን ወዲህ ሳቋን ሰምቼው አላውቅም። ያን ሳቅ ስሰማ ልጄን ጠላኋት። የወለድኳትን! ዳግመኛ እንዳልጠላት ብዬ ነው ዳገት የወጣሁት። ይህን ይንገሯት።»

መምህር አያሌው ይህን አላቀበለኝም። አጎንብሶ ጠረጴዛውን አየ። አንተ ብትኖር ምን ትመልስላት ነበር? «ተራው የኔ ነበር» ትላት ነበር?

መልቀቅ የኔ ነው። በሩን ያዝኩ።

«ወዴት ነው?» አለ መምህሩ።

«ሌላ ልፈልግ።»

«ሌላ የለም። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ጫካ ነው።» ጺሙን አሸት አሸት አደረገ። «እኛ ሁለት ፈረቃ አለን። ጠዋት የሚገቡ አሉ፤ ከሰዓት የሚገቡ አሉ። አንዱ ወጥቶ ነው አንዱ የሚገባው። ዴስኩ አንድ ነው፤ የሚቀመጥበት ሁለት።»

ኢሕሳን ቶሎ አለች፦ «ጠዋቱ የኔ ነው ይበሏት።»

«እሺ ይበሏት» አልኩ።

«ልጄ ከበሩ ወጥታ ቁልቁለቱን ሳትጨርስ ልጇ ግቢውን እንዳትረግጥ።»

«አትረግጥም። ግን ከበሩ ውጭ ቆማ ትጠብቃለች። ቁጥቋጦ ውስጥ አትደበቅም። ሌባ አይደለችም ይበሏት።»

«ትቁም። ቃል ግን እንዳትለዋወጥ።»

«አትለዋወጥም።»

«እኔ ይቅር አላልኩም። ይህንንም ይበሏት።»

«አልጠየቅኳትም ይበሏት። ይቅርታ የሚጠይቃት ሌላ ሰው ነው።»

መምህር አያሌው አንዱንም ሳይደግም ጻፈ። ነኢማን ጠዋት፣ ናጅዋን ከሰዓት። ኢሕሳን ቀድማ ወጣች። እኔ ቁልቁለቱን እስክትጨርስ ቢሮ ውስጥ ቆየሁ።

ከሰዓቱ መጥፎው ነው። ናጅዋ ስትወጣ ፀሐይ አዘቅዝቃለች፤ ቤት ስንደርስ ይመሻል። ሽንኩርት የምለቅምበት መጋዘን ሥራዬን ወደ ማለዳ አዛወርኩ፤ ጎህ ሳይቀድ ወጥቼ፣ ቀትር ላይ ተመልሼ፣ እሷን ይዤ ዳገት እወጣለሁ። ሽንኩርት ሽንኩርት ትሸቻለሽ ትለኛለች። ግን ገብታለች። ፊደሉን እስከ «ቀ» ለይታ ታውቃለች። ቁጥር ከእኔ ትፈጥናለች። አስተማሪዋ ወደፊት አምጥታ አስቀምጣታለች።

በሩ ላይ የሚሆነውንም ልንገርህ፤ ለአንተ የተነገረህ ሌላ ነውና። የጠዋቱ ፈረቃ ሲለቀቅ እኔና ናጅዋ ከበሩ ጎን ቆመናል። ኢሕሳን ከማዶ ቆማለች። ነኢማ ትወጣለች። ፊታችን ስትደርስ ምላሷን ታወጣለች። ናጅዋም ታወጣባታለች። ቃል አይደለም፤ ቃል የለበትም። እኔና ኢሕሳን እንዳላየን እንሆናለን። ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንዳቸው ዓይን ማገልበጥም ጀምራለች፤ የትኛዋ እንደጀመረች አላውቅም።

አንድ ቀን ድንገት ዝናብ ወረደ። ከዘበኛው ቆርቆሮ ሌላ መጠለያ የለም። እኔም ገባሁ፣ እሷም ገባች። ጀርባ ለጀርባ ቆምን። ዘበኛው ሽማግሌ ናቸው፤ «እናንተ ልጆች፣ እህትማማች ናችሁ?» አሉን።

«አይደለንም!» አልን እኩል።

ጥቂት ቆይታ ኢሕሳን፣ «አባባ፣ ለዚያች ሴት ይንገሩልኝ። የልጇ ጫማ ማሰሪያ ተፈትቷል፤ ቁልቁለቱ ላይ ትወድቃለች» አለች።

ጎንበስ ብዬ አሰርኩ። «ነግሬያታለሁ» አሉ ዘበኛው፣ ምንም ሳይነግሩኝ። በመካከላችን ያለው ሰላም ይህን ያህላል። ከዚህ የሚበልጥ የለም። ይህን ያህል ግን አለ፤ አንተ አላመጣኸውም።

ይህ ነው እንግዲህ መርሳ ገበያ ላይ «የኡበይደላ ልጅ የሙስዐብን ልጅ ደጅ ትጠናለች» ተብሎ የተወራው። አቡበከር ሰማ፣ ለአንተ አመጣ፣ አንተም ፈረድክ። ዛሬ አርብ ስለሆነ ከመጋዘን በጠዋት ስመለስ ቤቴ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሰላምታውን አልጨረሰም።

«የወንድሜን ስም ሰው በር ላይ ታስቆሚዋለሽ?»

«ያቆምኩት ስሙን አይደለም፤ ልጁን ነው። እሷም እስክትገባ ነው።»

«አትመልሺልኝ።»

«ታዲያ ለምን ትጠይቀኛለህ?»

«ረሂማ፣ ምላስሽን ተይ! አባቷ ብሏል። ሐራ ትሄዳለች። ሐራ ትምህርት ቤት የለም?»

«አለ። እህታችሁ ደግሞ የታቀፈችው ሕፃን አላት፤ የሱም ታላቅ ገና መራመዱ ነው። እሷ ቤት የገባች ልጅ ደብተር ይዛ ስትወጣ አላየሁም።»

«ትማራለች አልኩሽ። ወላሂ ትማራለች። በሙስዐብ ልጅ ፊት አንገቷን ሳትደፋ ትማራለች።»

«አንገቷን አልደፋችም። ምላሷን ነው ያወጣችው።»

ቀልድ መሰለው። ትርንጎ ከበሯ ብቅ ብላ «ኧረ ተው አንተ ሰው፣ ልጅቷ ገና ቁጥር መጀመሯ ነው» አለችው።

«አንቺ ኪራይሽን ጠብቂ» አላት።

«እጠብቃለሁ። አንተ እሷን የምታህል ሴት አገኝ እንደሆነ ብለህ ጠብቅ» አለችና በሩን ዘጋችበት። ከተቀየምኳት ወዲህ ያን ሰዓት ታረቅኳት።

ልሸኛት ተነሣሁ፤ የበሶህን ፌስታል አሰርኩ። ፈርቼ አይደለም። ልጅ በመካከላችን እየተጎተተች ሰፈሩ እንዳይሰበሰብ ብዬ ነው። ደግሞም ቃልህን እስከ ዛሬ አላፈረስኩም። ግራናን ልቀቂ ተባልኩ፣ ለቀቅኩ። ማሳውን ለአቡበከር ስጪ አልክ፣ ሰጠሁ። ለሽማግሌዎቹ ምንም እንዳትናገሪ አልክ፣ አልተናገርኩም። ይህኛውንም ከእነዚያ ጋር ልቆጥረው ነበር። እዚያ ትማር ካልክ ትማራለች፤ እኔ የምፈልገው መማሯን ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩና እዚህ ደረስኩ። እስከዚህ ድረስ የጻፍኩልህም ይህን ለማለት ነበር። አቡበከር ሐራ ትምህርት ቤት ያስገባት፤ ሰኞ ያስመዝግባት፤ አስመዝግቦ ይደውልልኝ። ይህን ጽፌ በሶውን ብላ ብዬ ልሰናበትህ ነበር።

አሁን የሻይ ቤቷ ባለቤት ብርጭቆ ልትሰበስብ መጣች። ናጅዋን ጉንጯን ነካ አድርጋ፣ «የኔ ቆንጆ፣ ዩኒፎርም ለብሰሽ ወዴት ነው ጉዞው?» አለቻት።

«ሐራ።»

«እዚያ ነው እንዴ የምትማሪው?»

«አይ። የአክስቴን ሕፃን ልይዝ ነው።»

እርሳሱን አስቀመጥኩ። «ማን ነው እንዲህ ያለሽ?» አልኳት።

«አጎቴ። ጠዋት አንቺ ፌስታሉን ስታስሪ። ትምህርቱ ይደርሳል፣ ሕፃኑ በእግሩ ሲሄድ ትገቢያለሽ አለኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«የምታውቂ መስሎኝ» አለችኝ።

ሴትዮዋ ብርጭቆዋን ይዛ ቀስ ብላ ሄደች። ናጅዋ ብርቱካኑን በኬሻው ቀዳዳ እያሻሸች ነው። አላለቀሰችም። የማውቅና የላክኋት እኔ መስያት፣ ዝም ብላ፣ ዩኒፎርሟን ለብሳ መጣች።

ኡበይደላ፣ አንተ ታውቅ ነበር? አትመልስልኝ። ካወቅህ ልጅህን ለሕፃን ያዥነት ሰጥተሃታል። ካላወቅህ ወንድምህ በአፍህ እየተናገረ ነው፤ ማሳህን እንደያዘው አፍህንም ይዞታል። የትኛው እንደሚሻል አላህ ያውቃል።

የጁምዓው ድምፅ ማጉያ እዚህ ድረስ ይሰማል፤ የኢማሙ ኹጥባ ገና አላለቀም። አርብ አርብ የከሰዓቱ ፈረቃ ዘግይቶ ነው የሚገባው። አሁን ከተነሣን እንደርሳለን። ነገ አቡበከር ተመልሶ ቢመጣ በሬ ላይ ያገኘኛል፤ ሰኞ ቢመጣ ዳገቱ ላይ ያገኘኛል። ሰው አስከትሎ ቢመጣ መምህር አያሌው ጋ እወስደዋለሁ፤ እኔ ከወንድምህ ጋር ከዛሬ ወዲያ ቃል አልለዋወጥም። የሚለው ካለ በሰው ይላክብኝ።

ናጅዋ ቦርሳዋን አንግታ «እንሂድ?» ትለኛለች። ወዴት እንደሆነ አልጠየቀችም።

ኬሻውንና የበሶህን ፌስታል ሴትዮዋ ለአቡበከር እንድትጠብቅ አደራ ብያታለሁ፤ ብርቱካኑ ሐራ ይሂድለት። ይህን ወረቀት ከበሶው ፌስታል ውስጥ አደርገዋለሁ። በሶው ጨውና ቅመም አለው፤ እርጥበት እንዳይነካው። ደረትህን ብርድ እንዳይመታህ ተጠንቀቅ። አላህ ጤና ይስጥህ። አላህ ልብ ይስጥህ፤ ሁለተኛውን አጥብቄ ነው የምለምንልህ።

እኛ ወጥተናል።

የናጅዋ እናት
ረሂማ